ሴንሰሩን ከመቀየርሽ በፊት፦ ከደብረ ብርሃን ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጭማቂና ውሃ በሚያሽግ ፋብሪካ የጥገና ቴክኒሻን ናት። የማሸጊያው መስመር በተለይ በጠዋቱ ፈረቃ እየቆመ ያስቸግራቸዋል። ስክሪኑ የጠርሙስ መቁጠሪያው ሴንሰር ስህተት እንደሆነ ያሳያል፤ ሴንሰሩ ቢቀየርም ችግሩ አልሄደም። የማሞቂያውን የሙቀት ሴንሰሮች ደግሞ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረው ሲፈትሹ 100 ማንበብ ሲገባቸው ሁሉም 90 አካባቢ ስላነበቡ ተበላሽተዋል ብለው አወጧቸው፤ በምትካቸው የመጡትም ያንኑ አነበቡ። ሥራ አስኪያጁ "የተበላሸ ሴንሰር ራሱ የሚለይ ሶፍትዌር እንግዛ" ብለዋል። እሷ የምትጠይቀው፣ የተበላሸውን ከደህናው በእርግጠኝነት የምትለየው እንዴት እንደሆነ ነው።

እህቴ፣ ከሙቀቱ ልጀምር። ሴንሰሮችሽ አልተበላሹም። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳር ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፣ ወደ 71.5 ኪሎፓስካል። በዚህ ግፊት ውሃ የሚፈላው በ90.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጣርማበርን አልፈሽ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ብትወርጂ ያው ሴንሰር በዚያው ድስት ውስጥ ወደ 96 ያነብልሻል። ከሰሜን ሸዋ ሳትወጪ የአምስት ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ሴንሰሮቹ ሁሉ አንድ ላይ እውነቱን ሲናገሩ ነበር፤ የተሳሳተው መመዘኛው ነው። አጥብቄ ልነግርሽ የምፈልገውም ይህንን ነው፦ ሴንሰር ተበላሸ ከማለትሽ በፊት "አሁን እውነተኛው ዋጋ ስንት መሆን አለበት?" ብለሽ ጠይቂ። ለዚህ ከሴንሰሩ ውጪ የሆነ መልስ ከሌለሽ ሴንሰሩን የምትከሺበት ማስረጃ የለሽም። በየፋብሪካው መለዋወጫ መደርደሪያ ላይ "ብልሽት" ተብሎ የተጣለ ብዙ ጤነኛ ሴንሰር አለ፤ በዚያ ፈንታ ሌላ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ሲጠበቅ ወራት ይሄዳል። ይህ ያስቆጨኛል።

ያወጣችኋቸውን እንዲህ አድርጊና ፈትሺያቸው። ፒቲ100 የሚባለው የሙቀት ሴንሰር በ0 ዲግሪ 100 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) እንዲኖረው ተደርጎ የተሠራ ፕላቲነም ነው፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.385 ኦም ያህል ይጨምራል። ከንጹህ ውሃ የተሠራ በረዶ አድቅቀሽ ሰፊ አፍ ያለው ቴርሞስ ሙዪ፤ ክፍተቱን የሚሸፍን ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሪበት። ሴንሰሩን ቢያንስ አሥር ሳንቲሜትር ንከሪው፤ እያማሰልሽ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቂ። መጀመሪያ የመልቲሜትርሽን ሁለት ጫፎች አነካክተሽ የገመዶቹን ኦም መዝግቢና ከምታነቢው ላይ ቀንሺ። ክላስ ቢ በሚባለው የትክክለኛነት ደረጃ የተሠራ ፒቲ100 በበረዶው ውስጥ 100 ኦም ማሳየት አለበት፤ ወደላይም ወደታችም እስከ 0.12 ኦም ቢለያይ ይፈቀድለታል። የበረዶውን ነጥብ ከፍታ አይለውጠውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ደብረ ብርሃንም ሆነ አሰብ ያው ነው። ቀጥሎ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ፣ ጫፉ የድስቱን ወለል ሳይነካ፣ እናንተ ጋ 134.9 ኦም አካባቢ ማንበብ አለበት፤ እዚህኛው ላይ 0.3 ኦም ያህል ልዩነት ይፈቀዳል። ሁለቱንም ያለፈ ሴንሰር ጤነኛ ነው፤ ቀኑን ጽፈሽበት ወደ መደርደሪያው መልሺው። በረዶው ላይ ልክ ሆኖ የፈላው ላይ የሚስት ካለ ግን እሱን አትመልሺ፤ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ቢፈተሽ ኖሮ ያልፍ ነበር።

የከፍታው ጉዳይ ሙቀት ላይ ብቻ አይቆምም። የማሽኑ መመሪያ ክፍት ታንክ ውስጥ ጭማቂውን 92 ዲግሪ አድርሱ ቢል፣ እናንተ ጋ ጭማቂው 91 አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል፤ እንፋሎት የቱንም ያህል ቢለቀቅ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ያን ጊዜ ሴንሰሩ ቆሞ ቀረ ይባላል፤ ፓምፑም አረፋ እየሳበ ሲያንኳኳ ሌላ ብልሽት ይመስላል። ዝግ በሆነና ግፊት ባለበት ቧንቧ ውስጥ ግን 92 ይደረሳል፤ ስለዚህ ሴንሰሩ የት እንደተተከለ ማየት ግድ ነው። የቫክዩም ፓምፕ ጌጅም እንደዚሁ ነው። ባሕር ጠለል ላይ እስከ ከዜሮ በታች 1 ባር የሚወርደው ጌጅ ደብረ ብርሃን ላይ ከዜሮ በታች 0.7 ባር ገደማ ላይ ያበቃል። ከዚያ በታች የሚሳብ አየር የለም። ውስጡ የባሕር ጠለል ግፊት ታሽጎበት የመጣ የግፊት ትራንስሚተር (ንባቡን ወደ መቆጣጠሪያው የሚልክ መሣሪያ) ካላችሁ ደግሞ፣ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ሳለ ከዜሮ በታች 0.3 ባር ያህል ያሳያል። ሁሉም ትክክል ናቸው። አዲስ ማሽን ተከላ ላይ በዚህ ምክንያት ስንት ክርክር እንደሚነሳ የሚያውቀው የተከለ ነው።

ወደ ጠርሙስ መቁጠሪያው ልለፍ። ሴንሰር ተቀይሮ ችግሩ ካልሄደ፣ መጀመሪያውኑም ችግሩ ሴንሰሩ ውስጥ አልነበረም ብለሽ ተነሺ። ከጥያቄሽ ሁሉ ትልቁ መረጃ "በተለይ በጠዋቱ ፈረቃ" ያልሽው ነው። የራሱ የሴንሰሩ ብልሽት ብዙውን ጊዜ ሰዓት አይመርጥም፤ ሰዓት የሚመርጥ ከሆነ ምክንያቱን አካባቢው ውስጥ ፈልጊው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እናንተ አዳራሽ ውስጥ በሌላ ሰዓት የሌለ ምን አለ?

እኔ ከዚህ ሆኜ አራት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛው ጤዛ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ሲሆን ብረቱም፣ የሴንሰሩ መስታወትም፣ ፊት ለፊቱ ያለው አንጸባራቂም ይቀዘቅዛሉ። ጠዋት እንፋሎትና የማጠቢያ ሙቅ ውሃ ሲለቀቅ እርጥበቱ በቀዘቀዘው ላይ ያርፋል፤ ሴንሰሩ ወደ አንጸባራቂው የሚልከው ብርሃን ተበትኖ ይዳከማል፤ ሴንሰሩ ጠርሙስ ያየ ይመስለዋል። ፋብሪካው ሲሞቅ በራሱ ይደርቃል፤ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚመጣው ቴክኒሻንም ምንም አያገኝም። ሁለተኛው ፀሐይ ነው። በምሥራቅ በኩል መስኮት ካለ የጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ቀጥታ ተቀባዩ ዓይን ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ሦስተኛው የማስነሻ ሰዓት ነው፤ ኮምፕረሰሩ፣ ፓምፑ፣ ኮንቬየሩ ተከታትለው ሲነሱ ቮልቴጅ ይወርዳል። አራተኛው ገመዱ ነው፤ የላስቲኩ ልባስ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ውስጡ የተበጠሰ የመዳብ ክር ካለ በብርድ ይለያያል፣ ሲሞቅ ይገናኛል።

እነዚህን ለመለየት አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። መስመሩ በቆመበት ቅጽበት፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ በሴንሰሩ ጀርባ ላይ ያለችውን መብራት ተመልከቺ፤ ከዚያ ፓኔሉን ከፍተሽ በፒኤልሲው (መስመሩን በሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ላይ የዚያን መግቢያ መብራት እይ። የሴንሰሩ እየበራ የፒኤልሲው ካልበራ ጥፋቱ መካከል ላይ ነው፦ ገመድ፣ ማገናኛ፣ ተርሚናል። እዚህ ላይ ከተቀየረው ሴንሰር ጋር የሚመጣ አንድ የተለመደ ችግር አለ፤ የቀድሞው ፒኤንፒ (ምልክቱን በፕላስ በኩል የሚሰጥ) ሆኖ ምትኩ ኤንፒኤን (በማይነስ በኩል የሚሰጥ) ከሆነ የሴንሰሩ መብራት እንደወትሮው ብልጭ ይላል፣ ፒኤልሲው ግን አያየውም። ቁጥሩን ከአሮጌው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ። የሴንሰሩ መብራት ራሱ ጠርሙስ በሌለበት ከበራ ወይም ጠርሙስ እያለ ከጠፋ ጥፋቱ የሚታየው ነገር ላይ ነው። መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፤ ወዲያው ከተስተካከለ ጤዛ ወይም አቧራ ነው። ካልተስተካከለ በካርቶን ጥላ ሥሪለት፤ በዚያ ከተስተካከለ ፀሐይ ነው። ለሴንሰሩ ኃይል በሚያመጡት በቡናማውና በሰማያዊው ገመድ መካከል ያለውን ቮልቴጅ፣ ሴንሰሩ ጋ ሆነሽ፣ ሞተሮቹ ሲነሱ ለኪ። 24 ቮልት መሆን ያለበት ለቅጽበት እንኳ ከ10 በታች ከወረደ አብዛኞቹ ሴንሰሮች ይጠፋሉ። ተራ መልቲሜትር እንዲህ ያለውን ቅጽበት ላያይዝ ይችላል፤ ዝቅተኛውን ንባብ የሚይዝ ቁልፍ ካለው እሱን ተጠቀሚ። ገመዱን ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅሽ እያጠፍሽ መብራቷን ተከታተይ፤ በተለይ ወደ ተንቀሳቃሽ ክፍል የሚገባበትን መታጠፊያ።

ጎን ለጎን ለአንድ ሳምንት ደብተር ያዢ። መስመሩ በቆመ ቁጥር ሰዓቱን፣ የጠርሙሱን መጠን፣ ከዚያ በፊት የተነሳውን ማሽንና የመብራቶቹን ሁኔታ ጻፊ፤ ለማታው ፈረቃም ስጪያቸው። ብልሽቱ ከሰዓት ጋር ከሄደ አካባቢው ነው። ከጠርሙስ ዓይነት ጋር ከሄደ አስተካከሉ ነው፤ ለግማሽ ሊትር የተስተካከለ ዓይን ቀጭንና ጥርት ያለ ጠርሙስ ሊያልፈው ይችላል። ከአንድ ሞተር መነሳት ጋር ከሄደ የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው፤ ያን ጊዜ የሴንሰሩ ገመድ የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው ከኢንቨርተሩ ገመድ ጋር በአንድ ቦይ ተጋድሞ እንደሆነ እይ። ይህ ደብተር ከማንኛውም ሶፍትዌር በፊት መልስ ይሰጥሻል፤ ኦፕሬተሮቹም በደንብ ያግዙሻል፣ ማሽኑ አጠገብ ስምንት ሰዓት የሚቆሙት እነሱ ናቸውና።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ላይ ደርሰናል። ቆርጦ ዝም ያለ ሴንሰር ብዙም አያሳስበኝም፤ መስመሩን አቁሞ ራሱን ያሳውቃል። የሚያሳስበኝ ሊሆን የሚችል ቁጥር እያሳየ የሚዋሸው ነው። 85 መሆን ያለበትን 85 እያለ፣ ጭማቂው ግን 81 ላይ ያለ። ሁለት ገመድ ብቻ ባለው ፒቲ100 ላይ አንድ የላላ ብሎን 1 ኦም ቢጨምር ንባቡ በ2.6 ዲግሪ ወደላይ ይዋሻል፤ መቆጣጠሪያውም ሞቋል ብሎ እንፋሎቱን ይቀንሳል። ውጤቱ በቂ ሙቀት ያላገኘ፣ ሰው የሚጠጣው ጭማቂ ነው። ሦስት ገመድ ያለው ይህን ያካክሳል፣ ግን ሦስቱም ገመዶች እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው፤ አንዱ ተርሚናል ላይ ዝገት ካለ እንደ ቦታው ወደላይም ወደታችም ሊስት ይችላል።

በአንድ ቁጥር ላይ ተጣብቆ የሚቀርም አለ። እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 11 ቀን 2005 ከለንደን ሰሜን በንስፊልድ በሚባል የነዳጅ ማከማቻ የሆነው ይህ ነው። ቤንዚን ወደ አንድ ታንክ እየገባ ሳለ የፈሳሹን ከፍታ የሚለካው መሣሪያ አንድ ቁጥር ላይ ቆመ፤ ከላይ እንዲያስጠነቅቅ የተተከለው ሌላው ማብሪያም አልሠራም። ታንኩ ሞልቶ ፈሰሰ፣ የተነነው ቤንዚን ፈነዳ፤ ከ40 በላይ ሰዎች ተጎዱ። ቆሞ የቀረው ቁጥር ሊኖር የሚችል ቁጥር ነበር፤ ስለዚህ ከፍተኛና ዝቅተኛ ገደብ ብቻ የሚያይ ማንቂያ ምንም አልተናገረም። ፈሳሽ እየገባ ከፍታው የማይጨምር ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ውሸት መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም።

ፒኤልሲያችሁ ላይ እንዲህ ያለውን ማስገባት ትችላላችሁ፤ ጥቂት መስመር ፕሮግራም ነው። ከገደቡ በተጨማሪ የለውጡን ፍጥነት ተመልከቱ፦ በብረት ኪስ ውስጥ ያለ ፒቲ100 በአንድ ሰከንድ አሥር ዲግሪ መዝለል አይችልም፣ ብረቱ ራሱ በዚያ ፍጥነት አይሞቅም፤ ከዘለለ ገመድ ነው። ዝምታውንም ተመልከቱ፦ ሕያው ምልክት የመጨረሻዋ አሃዝ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ፓምፑ እየሠራ ለደቂቃዎች ፍጹም ካልተነቃነቀ መጠርጠር አለበት። ለዚህ ስክሪኑ ላይ ያለውን የተጠጋጋ ቁጥር ሳይሆን ፒኤልሲው የሚያነበውን ጥሬ ቁጥር ተጠቀሙ፣ አለዚያ ማጠጋጋቱ ጤነኛውን የሞተ ያስመስለዋል። ሲሊንደር ላይ "ወጥቷል" እና "ገብቷል" የሚሉ ሁለት ሴንሰሮች ካሉ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሊበሩ አይችሉም። ከመሙያው ማሽን በኋላ፣ ከመክደኛው ማሽን በኋላና ማሸጊያው ጋ የምትቆጥሩ ከሆነም፣ የተጣሉትን ቀንሳችሁ፣ በቆጣሪዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ኮንቬየሩ ላይ ከሚችለው ጠርሙስ መብለጥ የለበትም። ልዩነቱ ቀን በቀን እያደገ ከሄደ አንዱ ቆጣሪ እየዘለለ ነው። ሁለት ሴንሰር ብቻ ሲኖር አለመስማማታቸውን ታውቂያለሽ፣ የትኛው እንደሚዋሽ ግን አታውቂም፤ ለዚያ ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሌላ ሴንሰር መሆኑ ግድ አይደለም፤ በእጅ የሚያዝ ቴርሞሜትር ወይም የታንኩ መመልከቻ መስታወትም ይመሰክራል።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ፍተሻ ግን ወጪ የለውም። እሑድ ፋብሪካው ካረፈ ሰኞ ጠዋት ማንም ማሽን ሳያስነሳ ቀድመሽ ግቢና የስክሪኑን ቁጥሮች በሙሉ ገልብጪ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከእሑድ ጀምሮ ሲቀዘቅዙ ያደሩ፣ ባዶ ቧንቧ ላይ ያሉ የሙቀት ሴንሰሮች ሁሉ ከአዳራሹ አየር ጋር ተቀራራቢ ማንበብ አለባቸው፤ ዘጠኝ ከሆነ ሁሉም ዘጠኝ አካባቢ። ፍሰት ዜሮ ነው። ግፊቱ የተለቀቀ መስመር ጌጅ ዜሮ ነው። ታንኩ ባዶ ከሆነ ከፍታውም ዜሮ ነው። ሁሉም ዘጠኝ ሲሉ አሥራ ሁለት ያለው ራሱን አጋልጧል። በየሰኞው ብታደርጊው ደግሞ ቀስ በቀስ የሚሸሸውን ታገኚዋለሽ፤ ዛሬ ግማሽ ዲግሪ፣ ከወር በኋላ አንድ፣ ከዚያ አንድ ተኩል። በሥራ ሰዓት እንዲህ ያለው አይታይም፣ ምክንያቱም መቆጣጠሪያው ራሱ ውሸታሙን እየተከተለ ቁጥሩን ያስተካክለዋል። የሰኞው ፍተሻ የሚያሳየው የታችኛውን ጫፍ ብቻ መሆኑን አትርሺ፤ ለላይኛው ያው የ90.5ቱ ድስት አለሽ።

አንዱን ጠርጥረሽ ለማረጋገጥ ስትፈልጊ፣ መስመሩ ቆሞ ሳለ ተመሳሳይ የሆኑ የሁለት ሴንሰሮችን ገመድ ፓኔሉ ላይ አዘዋውሪ። ስህተቱ ከሴንሰሩ ጋር ወደ ሌላው ቻናል ከሄደ ሴንሰሩ ወይም ገመዱ ነው፤ እዚያው ቻናል ላይ ከቀረ የፒኤልሲው ካርድ ነው። ከመፍታትሽ በፊት የገመዶቹን ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ስትጨርሺም እንደነበሩ መልሺያቸው።

ሥራ አስኪያጁ ስላሉት ሶፍትዌር፦ ሐሳባቸው መጥፎ አይደለም፣ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ከተመዘገበ መረጃ የሚማር ፕሮግራም "ጤነኛ" ምን እንደሆነ የሚያውቀው ከሚሰጠው መረጃ ነው። ቀድሞውኑ በሦስት ዲግሪ የሚዋሽ ሴንሰር ያለበትን መስመር ቢማር ያ ሦስት ዲግሪ ልኩ ይመስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ካሊብሬሽን (ሴንሰሮቹን ከታወቀ ትክክለኛ ዋጋ ጋር ማስተያየት)፣ ከዚያ ከላይ ያልኳቸው ቀላል ሕጎች፣ ከዚያ ጥቂት ወር የተመዘገበ ንጹህ መረጃ። ሶፍትዌሩ ከዚያ በኋላ ቢመጣ ገንዘቡ አይባክንም።

ዛሬውኑ እንድትመለከቺው የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የማሞቂያው ትራንስሚተር ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚልክ ከሆነ፣ ገመዱ ቢበጠስ ፒኤልሲው ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? ዝቅተኛው ምልክት 4 የሆነው በምክንያት ነው፤ ዜሮ ሚሊአምፔር ማለት ዜሮ ዲግሪ ሳይሆን መስመሩ ተቆርጧል ማለት እንዲሆን ነው። ናሙር በሚባለው የፋብሪካ አውቶሜሽን ተጠቃሚዎች ማኅበር ደንብ መሠረት ከ3.6 በታች ወይም ከ21 በላይ የሆነ ምልክት ንባብ አይደለም፣ የብልሽት ማስታወቂያ ነው። ብዙ ፕሮግራም ላይ ግን ከ4 በታች ያለው ሁሉ ወደ ታችኛው ገደብ ይጠጋጋና ብልሽቱ ተራ ቅዝቃዜ መስሎ ይቀራል፤ መቆጣጠሪያውም እንፋሎቱን እስከ መጨረሻው ይከፍታል። የሴንሰሩ ሽቦ ሲበጠስ ወደላይ እንዲሄድ የተዘጋጀ ትራንስሚተር ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጭማቂው በጣም የሞቀ ይመስላል፣ እንፋሎቱ ይዘጋል፣ ቀዝቃዛው ምርት ወደ ጠርሙስ ያልፋል። አንዱን አቅጣጫ መምረጥ ብቻውን አያድንም። ፕሮግራሙ ጥሬውን ሚሊአምፔር እንዲያይና ከ3.6 እስከ 21 ካለው ክልል ውጪ ሲሆን ሁለት ነገር በአንድነት እንዲያደርግ አድርጉት፦ እንፋሎቱን ይዝጋ፣ ምርቱንም ወደ ጠርሙስ ሳይሆን ወደ መመለሻው ያዙር። ከዚያ ማሞቂያው በውሃ ብቻ እየሠራ ሳለ፣ ኦፕሬተሩንና የጥራት ክፍሉን አስጠርተሽ፣ መጀመሪያ የሴንሰሩን ሽቦ ከትራንስሚተሩ፣ ቀጥሎ የትራንስሚተሩን ገመድ ከፓኔሉ አንድ በአንድ ንቀዪና ቫልቮቹ በእርግጥ ሲንቀሳቀሱ በዓይንሽ እይ።